አንድ ጡሩምባ፣ አንድ ወንበር፦ ደሴ ውስጥ ሳሎን የገባ ሆርን ስፒከር

መጀመሪያ ሱቄ የመጣችው የጋሼ የልጅ ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ። ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገች፣ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የአያቴን ቴፕ ከሆነ ቦታ በላይ እንዳይጮህ ማድረግ ትችላለህ? እንዳያውቁብኝ ግን» አለችኝ።

ይቻላል። ሽቦው ላይ አንድ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) ማስገባት ነው፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን ከአሰብ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ ደሴ ሲመላለሱ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ተደብቆ ድምፅ መቀነስ ነውር መሰለኝ። «ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ» አልኳት።

ያን ቅዳሜ የተጀመረው ነገር አራት ወር ገደማ ፈጀ። «ሆርን ስፒከር፣ ባለ ጡሩምባው ማለት ነው፣ ለቤት ይሆናል ወይ?» የሚል ሰው አያጣኝም። መልሴ ሁልጊዜ «እንደ ቤቱ ነው» ነው፣ ያ መልስ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ አንዱን ቤት ከነጓዙ ልንገራችሁ።

ቤቱና ሰውየው

ቤቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ጭቃ ቤት ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ስር የጨርቅ ኮርኒስ። ሳሎኑን በሜትር ለካሁት፦ 4.2 በ3.6፣ ከፍታው 2.6። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ። በአንዱ ግድግዳ ቡፌ አለ፣ ከፊቱ በተቃራኒው የጋሼ ወንበር፣ በመሀላቸው 2.5 ሜትር። ከቡፌው ጎን ወደ ውስጥ ክፍል የሚያስገባ በር አለ፤ መዝጊያ የለውም፣ መጋረጃ ብቻ። ልጅቷ የምታጠናው ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው።

ስፒከሩ ከዲቪዲ ጋር አብሮ የሚሸጠው ዓይነት ነው፣ ትንንሽ ሳጥኖችና አንድ ጉልቤ ውፈር፣ ማለትም የቤዝ ስፒከር፣ ያለው። ትንንሾቹ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆና ከሲኒ መሀል ተሸጉጠዋል፣ ውፈሩ ወለል ላይ ነው። ጋሼ የሚሰሙት መንዙማ፣ የድሮ ካሴት ላይ ያለ ትዝታና አምባሰል፣ ማታ ደግሞ የሬዲዮ ዜና ነው። ሲከፍቱት ድቤው ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። የሚያዜሙት ሰዎች ግን ጆንያ ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚያስጮሁት?» አልኳቸው።

«ድምፁማ ይሰማኛል ልጄ። ቃሉ ነው የሚጠፋብኝ።»

ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። የሰው ድምፅ ጉልበቱ ያለው ታች፣ አናባቢው ላይ ነው፣ አብዛኛው ከ1000 ኸርዝ (በሰከንድ 1000 ርግብግቢት) በታች። ቃልን ከቃል የሚለዩት ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ደግሞ ላይ፣ ከ2000 እስከ 8000 ኸርዝ አካባቢ ያሉ ደካማ ድምፆች ናቸው። በዕድሜና በሞተር ጩኸት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚከዳው ላይኛውን ነው፤ የጩኸት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ 4000 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። ቮልዩም ሲጨምሩ ድቤውም ስ-ም አብረው ይጨምራሉ፣ ድቤው ግን ቀድሞ ቤቱን ይሞላዋል። በዚያ ላይ ትንንሾቹ ስፒከሮች ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ከሲሚንቶው፣ ከግድግዳው፣ ከቡፌው መስታወት እየነጠረ ተመልሶ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ለጎረምሳ ጆሮ ያ ችግር አይደለም። ለጋሼ ግን ጭቃ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገን ነበር፦ መካከለኛውና ላይኛው ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲወጣ፣ ሲወጣም ወደ ወንበሩ እንጂ ወደ መጋረጃው እንዳይሄድ። ሁለቱም ወደ ሆርን ይጠቁማሉ። ልቤም ወደዚያው ነበር፣ አልዋሽም። ስፒከር የእኔ በሽታ ነው።

ጡሩምባ ምን ይሰራል

ሆርን ሲባል ሰው የሚያስበው ሚናራ ላይ ወይ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለውን ግራጫ ጡሩምባ ነው። አልተሳሳተም፣ ዘሩ አንድ ነው። ግን ነገሩ ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ታች ያለውን ጓደኛውን የሚጣራ እረኛ ሁለት እጁን አፉ ላይ እንደ ቀንድ ይገጥማል። ጉልበት አልጨመረም፤ ያለው እንዳይባክን ነው ያደረገው።

ተራ ስፒከር አየርን የሚገፋው ያልተቆለፈ በር በትከሻው እንደሚገፋ ሰው ነው። አየር ቀላል ነው፣ ይሸሻል። አብዛኛው የቤት ስፒከር ከሚገባለት ኤሌክትሪክ ከ100 እጅ 1 እጅ ገደማውን ብቻ ነው ወደ ድምፅ የሚለውጠው፣ የቀረው ሙቀት ነው። ሆርን ደግሞ አየሩን ጠባብ ጉሮሮ ላይ ይይዘዋል። ዲያፍራሙ (የሚርገበገበው ስስ ሽፋን) ተደግፎ የሚገፋው ነገር ያገኛል፣ ከዚያ ጉሮሮው ቀስ እያለ እየሰፋ ድምፁን ለክፍሉ ያስረክባል። በዚህ መንገድ 10 እጅ፣ 20 እጅ፣ ከዚያም በላይ ድምፅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊልም መናገር ሲጀምር አምፕሊፋየሮቹ ጥቂት ዋት ብቻ ስለነበራቸው ትልቅ ሲኒማ ቤት የሚሞላው በሆርን ነበር። ዛሬ ቤታችን ያለው የወረቀት ኮን ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1925 ራይስና ኬሎግ የሚባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ካሳዩት ንድፍ የመጣ ነው። ዋት እየረከሰ ሲሄድ ቤቱን ወረሰው።

ለምን ወረሰው? ስለ መጠን ነው። የሆርኑ አፍ ዙሪያ ማውጣት ከሚፈለገው ዝቅተኛ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 40 ኸርዝ ቤዝ ብትሉ ሞገዱ 8.6 ሜትር ነው፤ ክብ አፍ ቢሆን ስፋቱ 2.7 ሜትር ይመጣል። የጋሼ ጣሪያ 2.6 ነው! አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ ለዚህ ብልሃት አግኝቶ ነበር፦ ስፒከሩን ማዕዘን ላይ ወሸቀው፣ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ የሆርኑ መጨረሻ ሆኑ፣ የሚያስፈልገው አፍ ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1946 ባቋቋመው ኩባንያ መሸጥ የጀመረው ያ ስፒከር ዛሬም ይሰራል። ግን ሁለት ባዶ ማዕዘን ይፈልጋል። የእኛ ቤት ማዕዘን ላይ ፍሪጅ አለ፣ ወይ አልጋ አለ።

ስለዚህ ለጋሼ ቤት የቤዝ ሆርን አልታሰበም። ሆርኑ ለላይኛው፣ ተራ ውፈር ለታችኛው።

(በነገራችን ላይ አንድ ደንበኛዬ «ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስፒከር ይደክማል» ይለኛል። ትንሽ እውነት አለው። 2500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ተራ ውፈር ጥቂት ይቀንስበታል። አብዛኛው ጆሮ ልብ አይለውም። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም።)

መጀመሪያ ያበላሸሁት

ቸኮልኩ። ከቆራሌ የገዛሁት አንድ ግራጫ ጡሩምባ ሱቅ ውስጥ ነበር፣ እሱን አጽድቼ፣ ካፓሲተር (ቤዙን የሚያግድ ዕቃ) አስገብቼ ወሰድኩት። ቡፌው ላይ አስቀምጬ ጋሼ የሚወዱትን መንዙማ ከፈትኩ።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉና «የሎተሪ መኪና ሳሎኔ ገባ እንዴ?» አሉ።

ትክክል ናቸው። ያ ዓይነት ጡሩምባ የተሰራው ውጭ፣ ሩቅ ላለ ሰው ቃል እንዲያደርስ ነው። ቦታ ለመቆጠብ መንገዱ ውስጥ ለውስጥ ታጥፏል፣ እጥፋቱ ደግሞ ላይኛውን ድምፅ ይበላዋል። ከ400 ኸርዝ በታች ምንም የለም ማለት ይቻላል፣ ከ5000 ወይም 6000 በላይም ይሞታል። የቀረው መሀል አፍንጫ ውስጥ የሚያወራ ሰው ነው። ላሜራው ራሱ ይጮሃል፤ በጣቴ መታ ሳደርገው እንደ ትሪ ነው። ጀርባውን በሬንጅ ቀባሁት፣ የትሪው ድምፅ ቀነሰ፣ አፍንጫው ግን አልሄደም።

የሚገርመው ጋሼ ናቸው። «ቃሉ ገባኝ እኮ» አሉ። ደስ አላቸው፣ ግን ደስ ያላቸው ለአስር ደቂቃ ነው። ከዚያ «ዝጋው፣ ጭንቅላቴን በላው» አሉኝ። ስለ ሆርን መጥፎ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰማው ይህንን ነው፣ ወይም ዘመዱን። ጥፋቱ በከፊል የሆርን ነው፦ አፉ ካነሰ ወይም ጠርዙ ድንገት ከተቆረጠ ድምፁ ከአፉ ተመልሶ ወደ ጉሮሮው ይነጥራል፣ ያ ነው ያ የሚያንቋርር ነገር። በከፊል ግን መሳሪያውን ያለቦታው ያስገባሁት የእኔ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው

ወር ሙሉ ስፈልግ አንድ የሰርግ ዲጄ ጥሎት የሄደ የተሰነጠቀ ሞንታርቦ አገኘሁ። ውስጡ ባለ 12 ኢንች ውፈር አለ፣ ደህና ነው። ላይ ያለው ኮምፕሬሽን ድራይቨር (ሆርኑ ጉሮሮ ላይ የሚገጠመው ድምፅ አውጪ) ግን ሞቷል። ለጋሼ ስልክ ደውዬ «ድራይቨሩ ተቃጥሏል፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ስላቸው «እኔ ነኝ ወይ?» ብለው ሳቁ። ዲያፍራሙን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

የሞንታርቦው የፕላስቲክ ሆርን ትንሽ ስለሆነ ትቼው አዲስ በእንጨት ለማሰራት ወሰንኩ። ስሌቱ እንዲህ ነው። የድራይቨሩ ጉሮሮ 1 ኢንች ነው፣ 5 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ። እስከ 400 ኸርዝ ድረስ በደንብ የሚሸከም ሆርን ከፈለግን የመንገዱ ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ሲለካ በየ4.7 ሴንቲሜትሩ እጥፍ መሆን አለበት። 46 በ24 ሴንቲሜትር አፍ ላይ ለመድረስ 37 ሴንቲሜትር ርዝመት ይወስዳል። ይህን ወረቀት ላይ ስዬ ለአንድ አናጢ ወዳጄ ወሰድኩለት። ኮምፔርሳቶውን እርጥብ አድርጎ አጥፎ፣ በኮላ ለጥፎ ሰራው። ሲያልቅ አገላብጦ አየውና «መሶብ ነው የሰራሁልህ ወይስ ጎተራ?» አለኝ። እንጨት የመረጥኩት ለውበት አይደለም። እንደ ላሜራው አይጮህም።

ክሮስኦቨሩን (ቀጭኑን ድምፅ ለሆርኑ፣ ወፍራሙን ለውፈሩ የሚያከፋፍለውን) 1200 ኸርዝ ላይ አደረግኩት፣ ከሆርኑ ወሰን ሦስት እጥፍ። ለ8 ኦም ስሌቱ 12 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 1.5 ሚሊሄንሪ ኮይል ይላል። ፖላሪቲ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፍ) የሌለው 12 ማይክሮፋራድ ከተማው ውስጥ አጣሁ፤ ሁለት ተራ ባለ 22 ጀርባ ለጀርባ በየድኩ፣ 11 ሆነ፣ ይበቃል። ኮይሉን ከተቃጠለ ትራንስፎርመር በወጣ ሽቦ ጠመጠምኩት። አንድ ነገር ልጠቁም፦ ኮምፕሬሽን ድራይቨርን ያለ ካፓሲተር አምፕሊፋየር ላይ በቀጥታ መሰካት ማለት በገዛ እጅ መግደል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ሲበራ የምትሰማው «ድፍ» የምትል ድምፅ ብቻዋን ትበቃዋለች።

የመጀመሪያው ማታ ሌላ ጉድ መጣ። ሙዚቃ ሳይከፈት ከሆርኑ «ሽሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ጋሼ ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉና «ዝናብ ጀመረ እንዴ?» አሉ። ዝናብ አይደለም፣ አምፕሊፋየሩ ነው። ሁሉም አምፕሊፋየር ትንሽ ያሻል። በተራ ስፒከር አትሰማም፣ ሆርን ግን በአንድ ዋት 107 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ስለሚሰጥ ያችንም ያጎላታል። ውፈሩ 93 ገደማ ነው። የ14 ዴሲቤል ልዩነት ማለት በኃይል 25 እጥፍ ነው፤ ካልተመጣጠኑ ሆርኑ ውፈሩን ይውጠዋል።

መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር ነው፣ አንዱ በመስመር፣ አንዱ ለድራይቨሩ በጎን። ለጋሼ ጆሮ ብዬ 14 ሙሉውን አልቀነስኩም። በ5.6 እና በ3.9 ኦም 10 ዴሲቤል ብቻ ቀነስኩ፣ ሆርኑ ከውፈሩ 4 ዴሲቤል ከፍ ብሎ እንዲቀር። ሽሽታውም አብሮ ጠፋ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የሆርን ዋና ዝና ኃይል አለማባከን ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ድራይቨሩ ከሚሄደው ኃይል ከአስር ዘጠኙን ሬዚስተር ላይ አቃጠልኩት። ቤዙም ሆርን ካልሆነ በቀር ያ ዝና ሳሎን ውስጥ ብዙም አይሰራም። የሚቀረው ጥቅም ሌላ ነው፦ ዲያፍራሙ ለመንቀሳቀስ እንኳ የማይሰማው ያህል ትንሽ ስለሚሰራ ድምፁ አይቆሽሽም፣ ወደፈለጉበትም ይሄዳል። ለቤት የሚገዛ ሰው ለዚህ ብሎ ቢገዛ ነው የሚያዋጣው።

ምን ተገኘ

ከመነሻው በስልክ አፕ እለካ ነበር። የስልክ አፕ ሚዛን አይደለም፣ ግን ራሱን ከራሱ ጋር ማወዳደር ይቻላል። በድሮው ስፒከር ጋሼ በሚሰሙበት ልክ ወንበሩ ጋ 79 ዴሲቤል፣ መጋረጃው ጀርባ 71 ነበር። በአዲሱ እሳቸው ራሳቸው «ይብቃ» ያሉት 68 ላይ ነው፣ መጋረጃው ጀርባ 57።

ሁለቱን ቁጥር ስታዩ ሆርኑ ድምፁን ወደ ወንበሩ በማተኮሩ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። አቅጣጫው የረዳው 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ድቤው ከውፈሩ ነው የሚወጣው፣ ቤዝ ደግሞ መጋረጃ አያውቅም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ጋሼ ቮልዩሙን ስለቀነሱ ነው። ቃሉ ሲገባቸው ማስጮህ አላስፈለጋቸውም። ይህን አስቀድሜ አልጠበቅኩትም ነበር። እኔ ራሴ ሆርንን የማውቀው በጩኸት ነው፣ ሰርግ ላይ፣ ሜዳ ላይ። ሌሊት አራት ሰዓት ላይ ዝግ ብሎ የተከፈተ መንዙማ ውስጥ አዝማቹ ትንፋሽ ሲስብ የሰማሁት ግን በዚህ ጡሩምባ ነው። ዝግ ሲል አይሞትም። ተራ ስፒከር ሲቀንሱት የሆነ ቦታ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ሌላ ጥቅም ደግሞ መብራት ሲጠፋ መጣ። 68 ዴሲቤል በ2.5 ሜትር ለማግኘት ይህ ስፒከር በአማካይ የሚፈልገው የአንድ ዋት ሃምሳኛ ገደማ ነው፣ ሞቅ ሲል እንኳ አንድ ዋት አይሞላም። ቲዲኤ 2003 የሚባለውን የመኪና ሬዲዮ ቺፕ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁላቸው። ሰፈሩ ጨልሞ እሳቸው አምባሰል ይሰማሉ። ሹፌር ሰው ባትሪ መጠበቅ ያውቅበታል፣ ውሃውን ራሳቸው ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ክፋቱ።

መጠኑን አትጠይቁኝ። የሆርኑ ድራይቨር ከውፈሩ ማግኔት ጋር በአንድ መስመር ካልሆነ የሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ አይደርስም። 37 ሴንቲሜትር ማለት ከአንድ ሚሊሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ መዘግየት ነው፣ እዚያ ክሮስኦቨር ላይ ከአንድ ሙሉ ሞገድ በላይ። ስለዚህ ድራይቨሩን ወደ ኋላ ሳስገባው አፉ ከሳጥኑ ፊት 25 ሴንቲሜትር ወጥቶ ተንጠለጠለ። ትንሹ የልጅ ልጅ በሁለተኛው ቀን በግንባሩ ገጨው። ጠርዙን በስፖንጅ ሸፈንኩ። ይህ ለድምፁም ሳይጠቅመው አልቀረም፣ ልጁ ግን አሁንም በሩቅ ነው የሚዞረው።

ደግሞም ቀርቦ መስማት አይቻልም። ከ2 ሜትር በታች ከተጠጋችሁ ሆርኑና ውፈሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይሰማሉ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ባለፈው ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት መጥቶ እንዲህ ያለውን ለኪራይ ክፍሉ እንድሰራለት ጠየቀኝ። ክፍሉ ሦስት በሦስት ነው፣ ግማሹን አልጋው ይዞታል። ገንዘቡን መለስኩለት።

ትልቁን ነገር ያሳዩኝ ግን እትዬ ናቸው። ቡና የሚያፈሉት ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ ረከቦቱ ከቡፌው አጠገብ በጎን። ጎረቤት ይመጣል፣ ዙሪያውን ይቀመጣል። አንድ ቀን አቦሉ ሲቀዳ «ይሄ ነገር ለእሳቸው ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው?» አሉኝ። ሄጄ እሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። እውነታቸውን ነው፦ እዚያ ላይ ስ እና ሽ የሉም፣ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሆርን ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ጨረሩም እየጠበበ ይሄዳል፤ መሀል ላይ የተቀመጠው ሁሉን ያገኛል፣ ጎን ያለው ፍርፋሪውን። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨረራቸው እኩል የሚሰፋ ሆርኖች መጥተዋል፣ እነሱ ግን ላይኛውን ድምፅ በኢኳላይዘር መልሰው መሙላት ይፈልጋሉ፣ ቅርጹም በኮምፔርሳቶ የሚወጣ አይደለም።

ውጭ አገር ስለ ሆርን የሚጽፉ ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ችግር ያልፉታል። ምክንያቱም የሚያስቡት አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ጸጥ ያለ ክፍል ነው። እኛ ቤት ሙዚቃ የሚሰማው ቡና ዙሪያ ነው፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ማንም መሀል አይቀመጥም። ሆርን ለእንዲህ ያለው ቤት ስስታም ነው። ድሮ የነበረው ያ ርካሽ ስፒከር ቢያንስ ለሁሉም እኩል ያበላሽ ነበር።

ለእትዬ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩ። ወደ ላይ ሲሉት ሆርኑ፣ ወደ ታች ሲሉት ትንንሾቹ የድሮ ስፒከሮች። ትንንሾቹን ከሲኒው መሀል አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው፣ ያ ብቻውን ብዙ አሻሻላቸው። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ጆሮው

ሁሉ ነገር ካለቀ ከወር በኋላ ጋሼ ራሳቸው ሱቅ መጡ። ቀና ብለው ነው የመጡት።

«ያ ነገር ጮኸብኝ» አሉ። «ሲኒ የሚሰበር ነው የሚመስለኝ።»

አልገባኝም፣ ምንም አልነካሁም። ቤታቸው ሄጄ አየሁ፣ ሬዚስተሮቹ ደህና ናቸው፣ ካፓሲተሩ ደህና ነው። ከዚያ እንደ ቀልድ «ባለፈው ሳምንት ጆሮዬን ታጠብኩ» አሉኝ። ልጃቸው ግድ ብሎ ሐኪም ጋ ወስዷቸው ነበር። ሁለቱም ጆሮ በኩክ ተደፍኖ ቆይቷል። ሐኪሙ አውጥቶላቸዋል።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሳቅ ያዘኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስፒከር ሳስተካክል ግማሹ ችግር ጆሯቸው ውስጥ ነበር። ግማሹ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ከታጠቡም በኋላ የሬዲዮ ዜናውን በድሮው ስፒከር ስከፍትላቸው «ይሄኛው አሁንም ያጉረመርማል» ብለዋል። ሞተሩ የወሰደው ቀርቷል። አሁን ማንም ሰው «አባቴ ቴፕ ያስጮሃል» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሯቸው ታይቶ እንደሆነ ነው የምጠይቀው፣ ስለ ስፒከር ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ያን ቀን ሬዚስተሮቹን ቀየርኩ። በ5.6 እና በ3.9 ፋንታ 6.8 እና 2.2 አደረግኩ፣ ቅነሳው 14 ሆነ፣ ሆርኑና ውፈሩ እኩል መጡ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስፒከሩ በትክክል ምን እንደሚመስል የሰማሁት። መንዙማው ውስጥ የሚቀበሉት ሰዎች አንድ ጅምላ አይደሉም፣ አንዱ ትንሽ ቀድሞ ይገባል፣ አንዱ ይጎትታል። የአምባሰሉ ማሲንቆ ላይ የጭራው ፍትጊያ አለ። ቤዙ ግን ከዚያ ፍጥነት ጋር እኩል አይሄድም፤ ሆርኑ ጥርት ባለ ቁጥር የውፈሩ ሳጥን ስንፍና ይበልጥ ይጋለጣል። ጋሼ ቤዝ አይወዱም፣ ስለዚህ አልተጨነቁም። ቤዝ የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ እንጣላ ነበር።

ስቴሪዮ አይደለም፣ አንድ ብቻ ነው። ለሁለተኛ የሚሆን ድራይቨር አላገኘሁም፣ የጋሼ ካሴቶችም ግማሾቹ ከሬዲዮ የተቀዱ ናቸው፣ ሁለት ስፒከር ምንም አይጨምርላቸውም። ወጪው ብዙው ለአናጢውና ለዲያፍራሙ ነው የሄደው። የእኔን ድካም በቡና ተከፍሎኛል፣ ጀባ እየተባልኩ እስከ ሦስተኛ።

ልጅቷ ተፈተነች። ከፈተናው በኋላ ሱቅ መጣች፣ ቦርሳዋን እንደ ልማዷ ባንኮኒው ላይ ጣለች።

«አሁን ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ምንም አይሰማኝም» አለች። «ለእኔም አንድ ሽቦ ልትስብልኝ ትችላለህ? ሳያውቁብኝ።»

«አሁንስ አስፈቅጂ» አልኳት።